ማግስቱን ሰኞ፣ ባቲ

«ቁጠር» አሉኝ የኔታ ክንፈ፣ «ከትንሣኤ ጀምረህ ቁጠር፤
ሰባት ጊዜ ሰባት፣
አንዲት ደግሞ ጨምርባት።»
ጫርኩ በከሰል፣ ማታ ማታ፣ ከጎጆዬ ግድግዳ፤
እኅቴ ይመኙሻል አየችና
«ምንድነው ይሄ?» አለች፤ «የማን ዕዳ?»

ሃምሳው ሞላ። ኩታበር ላይ በልጉ ሰምሯል፣
ገብሱ ጢሙን አንጨፍሯል።
የኔታ አንድ ዛላ ቀጠፉ፣
በመዳፋቸው አሹ፣ እፍ አሉት፤
ገለባው ገደል ገባ፣ ፍሬው ቀረ።
«በዓሉ» አሉ «ከዚህ ነው የተጀመረ።

ሐዋርያት ሳይወለዱ፣ እሳት በልሳን ሳይወርድ፣
እስራኤል ገበሬ ነበር፣ ስንዴ የሚያጭድ።
እንዳንተው ቀን ይቆጥራል። ሃምሳው ሲሞላለት
ሁለት ኅብስት ይዞ ይወጣል ወደ መቅደሱ ደጅ፤
ቂጣ እንዳይመስልህ! ቂጣስ የፋሲካ ነው እንጂ፣
ሌሊት ተነሥቶ የሚሮጥ ሰው ስንቅ።
የሃምሳው ኅብስት እርሾ አለበት፤
የሸሸ ሰው ሊጥ አይጠብቅም፣
የደረሰ ግን ይታገሣል፣ እስኪነሣለት።

ደግሞ ሲና አለ። መምህሮቻቸው ይላሉ፦
በዚያው ሰሞን ተራራው ጨሰ፣
ድምፁ ሰባ ልሳን ሆኖ ፈሰሰ፤
‹እናደርጋለን› አለ ሕዝቡ፣ ‹እንሰማለን› አለ።
እሳቱ ያው ነው ልጄ፣ ቀኑም ያው ነው፤
ጽዮን ላይ ግን ተራራው አጥሮ የሰው ቁመት አከለ፣
ከዓሣ አጥማጅ አናት ነደደ፣
ፀጉሩም አልከሰለ።»

ጠየቅሁ፦ «የጳርቴው፣ የግብጹ፣ የዓረቡ ሰው ሲደነቅ፣
ተአምሩ ከተናጋሪው ምላስ ነው፣
ወይስ ከሰሚው ጆሮ?»
የኔታ ገለባውን ከጋቢያቸው አራገፉ።
«ቀድሞ የደረሰውን ገብስ ጫን» አሉ።
«ነገ ሰኞ ነው። ባቲ ውረድ።»

ጾመ ሐዋርያት ገባ። ሆዴ ባዶ፣ አይሱዙው ሙሉ፤
ኮምቦልቻን አልፈን ቁልቁል፣ ደግሞ ቁልቁል፣
ጆሮዬ ተደፈነ፣
ቆላው ፊቴ ላይ ተነፈሰ።

ባቲ። ግመል ያጓራል፣ አቧራ ይነግሣል፤
አፋሩ ኻሎይታ ገብሴን ሳያይ አስቀድሞ ዳጉ ይጠይቃል፤
የመጣሁበትን መንገድ፣ ዝናቡን፣ ሣሩን፣
የሞተውን፣ የተወለደውን፤
እኔ ቆሜያለሁ፣ አፌ እንደ ባዶ ስልቻ ተከፍቶ።
ያኔ ደላላው ጦይብ ይማም መጣ፣
ሽመሉን ከብብቱ ወትፎ፣
ዐይኑን ጨፍኖ ሰማ።
ለኻሎይታ በአፋርኛ፣ ለግመል ሻጯ በኦሮምኛ፣
ለእኔ በአማርኛ፤
ዋጋውን በጣት፣ ከሽርጡ ሥር፣ ማንም በማያየው ቋንቋ።

«ጦይብ፣ ይሄን ሁሉ መናገር የት ተማርክ?»
ሳቀ። «መናገር? መናገር ማን ተማረ!
እናቴ በኦሮምኛ ስትቆጣኝ፣
አያቴ በአርጎብኛ ሲያባብለኝ፣
ዝም ብዬ የሰማሁት ነው ካፌ የሚወጣው።
አንተ ቄስ ልትሆን ነው አሉ፤
ቸኩለህ አትናገር።»

ሲሰፍር ከቁናው ገብስ ፈሰሰ። ላፍስ ጎነበስኩ።
ሽመሉ ክንዴን ነካ አደረገው።
«ተው። የፈሰሰ የሉባባ ነው።»
አንዲት የአርጎባ አሮጊት፣ ወባ ባሏን የወሰደባት፣
ከቁናው ሥር ቁጢጥ ብላ ትለቅማለች፣
ቅንጣት በቅንጣት።
ትዝ አለኝ፦ በዚህ በዓል አይሁድ የሩትን መጽሐፍ ያነባሉ፣
የባዕዷን፣ የቃራሚዋን።
የኔታ ይህን ሲነግሩኝ
እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር።

ሉባባ ቀና አለች፤ መዳፏን ዘርግታ መረቀችኝ፣
በቋንቋዋ፣ ረጅም።
ዞር አልኩ፤ ጦይብ ሌላ ክርክር ውስጥ ገብቷል፣
የሚያስረዳኝ የለም።
ጆሮዬ፣ ከቁልቁለቱ ጀምሮ የተደፈነው፣
ያኔ ጧ ብሎ ተከፈተ።
«አሜን» አልኩ።
ስንቱ እንደገባኝ አልናገርም።